ጽጌ ያለችበት ዲስክ

ሚስታችሁ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄዳ እናንተ ከአማታችሁ ጋር በአንድ ቤት ቀርታችሁ ታውቃላችሁ? መከራ ነው ልል አይደለም። አማቴ እማማ ወርቄ የተማረ ሰው ባገኙ ቁጥር ጋዜጣም ይሁን መጽሔት «እስቲ ምን ይላል?» እያሉ ማስነበብ የሚወዱ ሴት ስለሆኑ ይህም ጽሑፍ አንድ ቀን ጆሯቸው መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ መከራ ሳይሆን ይሉኝታ ነው እንበል። ይሉኝታ ከመከራ የሚለየው፣ መከራ ሲመጣ ሰው ቢያንስ ኡኡ ማለት ይችላል።

ባለቤቴ ጽጌ ስታትስቲክስ እንድትማር ሀንጋሪ ተላከች። ዘመኑ ሁሉም ሰው «ጓድ» የሚባልበት ዘመን ስለነበር ሰው የሚማረውም ጓድ አገር ሄዶ ነው። ቦሌ ሸኝተናት ወደ ናዝሬት ስንመለስ እኔና እማማ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እስከ ሞጆ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሞጆ ላይ እማማ «የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ዛሬስ በረታ» አሉና ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም «እውነትም በርትቷል» ብዬ የራሴን ጠረግኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ሽታው ዐይኑን ያቃጠለው ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን «ጽጌ ናፈቀችኝ» የሚል ሰው ጠፋ። አስቡት እንግዲህ፤ አንድ ጎልማሳ አማቱ ፊት ቆሞ «ልጅዎ ናፈቀችኝ» ቢል ምን ሊባል ነው? ዐይነ ደረቅ! እናትየውም ለልጃቸው ባል «ልጄ ናፈቀችኝ» ቢሉ «አንተ ነህ የላክሃት» ያሉ ይመስልባቸዋል። ስለዚህ ሁለታችንም በሰበብ መኖር ጀመርን። እኔ «ብል እንዳይበላው» እያልኩ የልብስ ሳጥኗን እከፍታለሁ። እሳቸው «አቧራ ጠጣ» እያሉ ጫማዋን ይወለውላሉ። የናዝሬት አቧራ እንደዚያ ጊዜ ለሰው ጠቅሞ አያውቅም።

ኮምፒዩተሩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የምሠራበት የእርዳታ ድርጅት ፈረንጅ አለቃ ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌውን ማሽን «ላንተ ይሁን» ብሎ ተወልኝ። በጋሪ ጭኜ አመጣሁት። እማማ ዞር ዞር ብለው አዩትና ለሬዲዮው የተሠራውን ዳንቴል አንስተው አለበሱት። ጎረቤቶች ቴሌቪዥን የገባ መስሏቸው ወንበር ወንበራቸውን ይዘው መጡ። አረንጓዴ ፊደል ብልጭ ድርግም ሲል ጥቂት ተመለከቱ። «ፊልሙ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብለው ጠየቁ። ፊልም እንደሌለው ስነግራቸው ወንበራቸውን ይዘው ሄዱ፤ አንዷ ጎረቤታችን ደግሞ «አይዞህ፣ ይሠራልሃል» ብላ አጽናናችኝ። እኔ ግን በድርጅቱ ትንሽ ሥልጠና ስለወሰድኩ ማብራት ማጥፋቱን፣ ትንሽ ትእዛዝ መጻፉንም እችልበታለሁ። በከተማው ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ከእኔ ሌላ ሰምቼ ስለማላውቅ ስሄድ ደረቴ ትንሽ ቀደም ቀደም ይል ነበር።

ይህንኑ ለጽጌ ጻፍኩላት። እሷም እዚያ ኮምፒዩተር ትማር ኖሯል፤ ለዕረፍት በመጣ ተማሪ እጅ አንድ ዲስክ ላከችልን። ያን ጊዜ ዲስክ ማለት ስስ፣ ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ በእጅ ሲይዙት የሚወዛወዝ ነገር ነው። ማሽኑ ውስጥ ከትቼ ሳበራው በእንግሊዝኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ «ማን ነው?» አለ። ጽጌ በር ሲንኳኳ እንዲሁ ነበር የምትለው። ስሜን ጻፍኩ። «ሸሚዝህን ተኩሰሃል?» አለኝ። ቀጠለና «እዚህ ብርዱ ገደለኝ። የናዝሬት ሙቀት ናፈቀኝ» አለ። ዲስኩ በስንት እጅ አልፎ እንደሚመጣ ታውቃለችና ከዚህ በላይ አልደፈረችም። እዚህ እያለች ግን ሙቀቱን ስትራገም ነበር የምትውለው። እንግዲህ ናፈቀኝ ያለችው ሙቀት እኔ ነኝ ብዬ ተረጎምኩት፤ ተቃውሞ ያለው ራሷን ይጠይቅ።

ቀጥዬ የእማማን ስም ጻፍኩ። ለእሳቸው ምንም ቃል አልወጣም። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና በዚያች ቀጭን ድምፁ ጢጥ ጢጥ እያለ ዜማ ጀመረ። ጽጌ ምስር ስትለቅም የምታንጎራጉረው፣ ቃል የሌለው ዜማ ነው። በተጋባን ሰሞን ላንጋኖ ሄደን ቡናማው ውሃ ዳር ተቀምጣ ፀጉሯን እያበጠረች ስታንጎራጉረው ሰምቼ፣ እንዳታቆመው ብዬ አሸዋው ላይ የማስመሰል እንቅልፍ ተኝቻለሁ። ድምፅዋን ከሰማሁ ክረምትም በጋም አልፏል። እማማ ዜማው ሲያልቅ «ደህና ማሽን ነው» አሉና ጓዳ ገቡ። ብዙ ቆይተው ወጡና ማንም ሳይጠይቃቸው «ሽንኩርቱ» አሉ። በዚያ ሳምንት ቤታችን ሽንኩርት አልነበረም።

ገመቹ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ ቆቃ መንገድ ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። አንድ እሑድ መጣና «አከም ጂርቱ፣ እማማ?» ብሎ ጎንበስ አለ። እማማም «ፈያ፤ አንተስ ደህና ነህ?» ብለው አስገቡት። ዲስኩን ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ።

«ሌላ ቅጂ አለው?»

«የለውም። ባዶ ዲስክ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«እንግዲያው ተጠንቀቅ። አገር ውስጥ በሽታ ገብቷል። ቫይረስ ይሉታል፤ ከዲስክ ወደ ዲስክ ይተላለፋል። አንዴ ከገባ የተጻፈውን ሁሉ ያበላሸዋል።»

«በትንፋሽ ነው?» አሉ እማማ፣ አፍንጫቸውን በነጠላ እየሸፈኑ።

«በሰው ነው እማማ። ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር ሲነካ ነው የሚገባው። ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው መፍቀድ። ባለቤቱም ቢሆን!» አለና የዲስኩን ጎን አሳየኝ። ትንሽ የተቆረጠች ቦታ አለች። እሷ ከተሸፈነች ማሽኑ ዲስኩን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም፤ መጻፍ ካልቻለ ደግሞ በሽታውም መግባት አይችልም። ለእንግዳ የሚሆን የጨዋታ ዲስክም ከራሱ ትቶልኝ ሄደ።

እኔ ደግሞ ሕግ ማውጣት ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ለቁስል የተገዛውን ፕላስተር ቆርጬ የጽጌን ዲስክ ጎን ለጠፍኩበት። ዲስኩን ቡፌ ውስጥ ቆለፍኩና የቡፌውን ቁልፍ እኔ ያዝኩ። ኮምፒዩተሩም ያለ እሱ የማይሠራበት የራሱ ቁልፍ ነበረው፤ ያንን ለእማማ ሰጠሁ፤ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። እንግዳ ከመጣ የገመቹን የጨዋታ ዲስክ ብቻ ይነካል። እኔም ብሆን በጽጌ ዲስክ ላይ አንዲት ፊደል መጨመር አልችልም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማሽኔ፣ ራሴን ተራ ሰው አደረግኩ። እንዲህ ያለ ትሕትና ከሰው አላየሁም፤ ከእኔም ቢሆን ደግሜ አላየሁትም።

አሁን ችግሩን ተመልከቱልኝ። ጽጌን ለማግኘት እኔ የእማማ ቁልፍ ያስፈልገኛል፣ እማማ የእኔ ቁልፍ ያስፈልጋቸዋል። ናፈቀችኝ ማለት ደግሞ አይቻልም።

«እማማ፣ እስቲ ቁልፉን።»

«ምነው፣ ለምን ፈለግኸው?»

«ማሽኑ ብዙ ጊዜ ካልበራ ይታፈናል።»

«ትናንትና አብርተኸው አልነበር እንዴ?»

«ትናንትና ነፋስ ነበረ።»

ነፋስ ከመታፈን ጋር ምን እንዳገናኘው እኔም አላውቅ፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ቁልፉን ሰጥተውኝ ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። በማግስቱ ተራው የእሳቸው ነው። «ያ ዕቃ ብርድ እንዳይመታው ትንሽ ብናሞቀው አይሻልም?» ይሉኛል። በሚያዝያ ናዝሬት! ላቤን እየጠረግኩ «እውነትዎን ነው፣ ብርዱ ከፍቷል» እልና ቡፌውን እከፍታለሁ። መሠረተ ትምህርት ተምረው የምስክር ወረቀት የያዙ ሴት ናቸውና የእንግሊዝኛውን ፊደል ከእኛው ጋር እያመሳሰሉ ስማቸውን መጻፍ ቻሉበት። የስማቸውን መነሻ ደብልዩን «ሠ» ይሏታል። በአንድ ጣት፣ ምስር እንደሚለቅሙት እየለቀሙ ይጽፋሉ። ዜማው ይወጣል። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ፣ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

ሕጋችን በደንብ ይሠራ ነበር። የፈረሰው ሕግ የማይመለከተው ሰው ስለመጣ ነው። አንድ ቅዳሜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በራችንን ከፍቶ ገባ። «ከውጭ አገር ጋር የሚነጋገር መሣሪያ አለ ተብሏል» አለ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሰውን ምን ያህል እንደሚያቀጥን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሊቀመንበሩ ከማሽኑ ኋላ ዞሮ አንቴና ፈለገ። ዳንቴሉን ገልጦ ከሥሩ አየ። «አብራው!» አለ።

እማማ ቁልፉን ከአንገታቸው እየፈቱ፣ ከልማድ የተነሣ «ለምን ፈለጉት?» አሉት። ያቺን ቅጽበት ለጠላቴም አልመኝ።

በሕጋችን መሠረት የእንግዳውን ዲስክ ከተትኩለት። አንድ ትንሽ ሰውዬ በመሰላል ላይ ወጥቶ በርሜል የሚዘልበት ጨዋታ ነው። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ግንባሩን ቋጥሮ ተመለከተ። ቀጥሎ ወንበር ሳበ። ቀጥሎ ኮፍያውን አወለቀ። በርሜል በመታው ቁጥር «አድኃሪ!» እያለ ጉልበቱን ይመታል። ተረፍን ብዬ ልተነፍስ ስል ዐይኑ ቡፌው ላይ ዐረፈ።

«ያኛውስ ለምን ተቆለፈበት?»

ምን ልበል? አውጥቼ ከተትኩት። «ማን ነው?» አለ ማሽኑ። ሊቀመንበሩ ሙሉ ስሙን ከእነማዕረጉ ጻፈ። ጽጌ ደግሞ ለማታውቀው ሰው የምትመልሰውን አስቀድማ ጽፋ ኖሯል፤ እኔ ይህን በምን ልወቅ? ማሽኑ አንዴ ጮኸና «አላውቅህም። ባለቤቶቹ የሉም። ነገ ና» አለው።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ማንን ነው የማያውቀው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማሽኑ ለሰፈሩ አዲስ ነው...»

«በዚህ ቀበሌ እኔን የማያውቅ ማነው? እንዲያውቀኝ አድርግ። አሁኑኑ!»

እንዲያውቀው ለማድረግ ዲስኩ ላይ መጻፍ አለብኝ። ለመጻፍ ደግሞ ፕላስተሩ መነሣት አለበት። ጥፍሬን ሰድጄ መላጥ ስጀምር እማማ «ልትልጠው ነው?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ቁስል የሚላጥበት ሰው ድምፅ ነበር። ላጥኩት። የጽጌ ጽሑፍ መካከል ገብቼ የሊቀመንበሩን ስም አስገባሁ። እሷ ከእኔና ከእናቷ በቀር ማንንም ባላስገባችበት ቦታ አስገባሁት። ማሽኑም በሁለተኛው ሙከራ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እንኳን ደህና መጡ!» አለ። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ፣ ለማሽኑ ራሱን ነቀነቀለትና «ጥሩ ማሽን ነው፤ ይቀጥል» ብሎ ወጣ። እኔ ፕላስተሩን መልሼ ለጠፍኩ። ግን ፕላስተር ሁለተኛ ሲለጠፍ እንደ መጀመሪያው አይዝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከሥራ ስመለስ ከቤት ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። በራችን ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። እማማ ወርቄ ናቸው። ጽጌ ከሄደች ወዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ በዚያ ጠዋት የቡፌውን ቁልፍ እዚያው ቡፌው ላይ ረስቼው ወጥቻለሁ።

«ና፣ ና ቶሎ! ልጄ ኳስ ላከችልኝ!»

ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ከጫፍ ጫፍ ትነጥራለች። ከላይ ትመታለች፣ ከታች ትመታለች፣ ፊደሎቹን እየነካች ታልፋለች።

«ታያለህ? ትንሽ ሆና ከወንዶቹ ጋር የጨርቅ ኳስ ስትጫወት ነበር የምትውለው። ጉልበቷ ሳይላጥ የገባችበት ቀን የለም። ሴት ልጅ ብዬ እየገረፍኩ አስተውኳት። ይኸውልህ፣ አሁን እዚያ ሆና እየተጫወተችልኝ ነው። አልተቀየመችኝም ማለት ነው!»

ዲስኩ ላይ ኳስ እንዳልነበረች አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን ይስቃሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ኳሷ የቤታችን ሰው ሆነች። እማማ ያ ሁሉ ሰበብ ቀርቶባቸው በቀጥታ «ኳሷን ልያት» ይላሉ። ያቺ ያጽናናችኝ ጎረቤታችን ተጠርታ መጣችና «አላልኩህም? ይሠራልሃል ብዬህ አልነበር?» አለችኝ። ዜማው ግን መንተባተብ ጀመረ። አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ ይዘላል፣ አንዳንዴ ይታነቃል፣ አንዳንዴም ያለቦታው ይጮሃል። እማማ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው አዳመጡና ቅስማቸው ተሰበረ።

«ጉንፋን ይዟታል። ያ ብርድ አገር! ፌጦ የሚወስድላት ሰው ፈልግልኝ።»

ወደ ገመቹ ሮጥኩ። መጣ፣ አየ፣ ራሱን ያዘ።

«ሌላ ዲስክ ከትተህበት ማሽኑን ሳታጠፋ ነው ይሄኛውን የከተትከው?»

«አሁኑኑ ሲባል ማን ያጠፋል?»

«በቃ፣ ኳሷ ማለት ቫይረሱ ነው፤ ከጨዋታው ዲስክ ነው የገባው። ፕላስተሩ ቢኖር ኖሮ አይገባም ነበር።»

«የጨዋታው ዲስክ የማን ነበር ገመቹ?»

ገመቹ ሳል ሳል አለው። ለማንኛውም ከአዲስ አበባ የተላከለት የመድኃኒት ዲስክ አለ። ኳሷን ያጠፋታል። የተበላውን ግን አይመልስም። እንተዋት ብንል ደግሞ ቀስ በቀስ ዜማውን ሁሉ ትጨርሰዋለች። እንግዲህ ወይ የእማማ ሳቅ ይቅር፣ ወይ የጽጌ ዜማ ይቅር ማለት ነው። ይህን ደግሞ ለእማማ መንገር ያለብኝ እኔ ነኝ።

ምስራቸውን ሰፌድ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው በርከክ አልኩና ነገርኳቸው። ኳሷ በሽታ ናት፣ ዜማውን እየበላችው ነው፣ ጽጌ አልላከቻትም አልኩ።

«ታዲያ ማን ላካት?»

«ማንም አልላካት እማማ። ዝም ብላ ነው የምትዞረው።»

ከዚያ ምስሩን በእጃቸው ገፋ አደረጉና «እኔ ደግሞ ይቅር አለችኝ ብዬ» አሉ።

«አጥፋት» አሉ ቆይተው። «የልጄን እየበላች በልጄ ስም ከቤቴ አትኖርም።»

ገመቹ መድኃኒቱን ከተተ። ማሽኑ ሲያጓራ ቆየና ጸጥ አለ። ኳሷ የለችም። ስሜን ጻፍኩ፤ «ሸሚዝህን ተኩሰሃል?» አለና ቆመ። ብርዱም ሙቀቱም ጠፍቷል። ሊቀመንበሩን ግን አሁንም እንኳን ደህና መጡ ይላል፤ በሽታ እንኳ ማንን እንደሚፈራ ያውቃል። በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ስማቸውን ለቅመው ጻፉ። ዜማው ወጣ። ጥርት ያለ ነው፣ መንተባተቡ ለቆታል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ገመቹ ደጋግሞ ሞከረ፤ ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ይቆማል። ይቅርታ ጠይቆን፣ ምሳም አልበላም ብሎ ሄደ።

ማሽኑን አጥፍቼ ስክሪኑ ፊት እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ላንጋኖ ላይ አሸዋው ላይ ተኝቼ ያዳመጥኩት የመጨረሻው ክፍል ነው የጠፋው። እንዴት ነበር? ላስታውሰው ስሞክር ይሸሸኛል። እማማ ከኋላዬ ወደ ምስራቸው ተመልሰዋል፤ የሰፌዱ ድምፅ ይሰማኛል።

ከዚያ ዜማው ቀጠለ። ማሽኑ ካቆመበት ቦታ ቀጠለ። ማሽኑ ግን ጠፍቷል።

ዞር አልኩ። እማማ ወርቄ አቀርቅረው ምስር እየለቀሙ፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ያንጎራጉራሉ። የጽጌ ድምፅ ነው፤ ትንሽ ሻከር ያለ እንጂ ራሱ የጽጌ ድምፅ ነው። ያቺ መጨረሻ ላይ ከፍ ብላ የምትወርደው ነገር እንኳ አልቀረችም። ሲጨርሱ እንደምሰማ አዩና ደነገጡ።

«ከየት ያውቁታል እማማ?»

«ከየት ያውቁታል ትለኛለህ? ከእኔ አይደል የወሰደችው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ሰምቼዎት አላውቅም!»

«በልጅ ባል ፊት ይንጎራጎራል እንዴ?» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ሰፌዱ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ በፕላስተርና በቁልፍ ስጠብቀው የከረምኩት ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ጓዳ ውስጥ ነበረ፤ እኔን አፍሮ ዝም ብሎ። ይድገሙልኝ ልል ፈለግኩ። እንዲደግሙልኝ የሚያደርግ አንድ ሰበብ ፈለግኩ። ስንት ሰበብ ስፈጥር የኖርኩት ሰውዬ አንድም አልመጣልኝም።

«እማማ» አልኩ፣ «ጽጌ ናፈቀችኝ።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ፤ በዚያ ቀን በቤታችን ሽንኩርትም አልነበረ፣ የቆዳ ሽታም አልነበረ።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?» አሉ።